ለሬዲዮ የተላኩ ሽማግሌዎች

መካኒኩ እንግዳው የዚያን እሑድ ጠዋት ከጠፍር አልጋው ከአንገረቡ ሳይነሣ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ፤ ሬዲዮዋ የለችም። ማታ አራት አዳዲስ የባትሪ ድንጋይ አጉርሶ፣ አንቴናዋን በጨርቅ ወልውሎ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ እዚያው አስቀምጧት ነበር፤ በለቅሶ ቤት የሬዲዮ ፊት ወደ ሰው መዞሩ ራሱ ነውር መስሎት። አሁን በቦታዋ የቀረው አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ከሸምበቆው ግርዶሽ ማዶ አማቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከልጃቸው ከታንጉ ጋር ይንሾካሾካሉ። የወይዘሮ ሀብትነሽ ሹክሹክታ ደግሞ የሌላ ሰው ጩኸት ያህላል።

«ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ቁልፉም ይኸው ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነው። ያ ባልሽ የወንድሜን ሣልስት በዘፈን ሊያሳልፈው አስቧል፤ ማታ ድንጋይ ሲለውጥላት ዓይቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ዘፈን አይደለም ይላል።»

«ታዲያ ቅዳሴ ነው?»

 እንግዳው በግርዶሹ ወዲህ ሆኖ ሁሉን ሰማ። አንገረቡ ላይ ቁጭ ብሎ የሸሚዙን የደረት ኪስ ዳሰሰ፤ ደብዳቤው አለ። ዛሬ ነው፤ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት። ልቡ እንደ ወፍጮ ሞተር ይደልቃል፤ አማቱ ሬዲዮ ስለ ቆለፉ የሚበርድ ልብ አልነበረም።

ሰው እንዲፈርድ ነገሩን ባጭሩ መናገር ይሻላል። እንግዳው ኮኪት አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ የትራክተር መካኒክ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ ማግደቡርግ አካባቢ አንድ ዓመት ተቀምጧል። አንድ በረዶ የጣለበት ቅዳሜ ማታ ሠልጣኞቹን በሙሉ ሙዚቃ አዳራሽ ወሰዷቸው፤ ሞዛርት የሚባል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ሰው የጻፋቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሲምፎኒዎች በአንድ ምሽት ሊጫወቱ ነው ተባለ። እንግዳው የሄደው ሊተኛ ነበር፤ አዳራሹ ይሞቃል ብለውት። ሃምሳ ሰው ባንድ ትንፋሽ ሲጀምር ግን እንቅልፉ ብን ብሎ ጠፋ። የመጀመሪያው ትልቅ በር እንደሚከፈት ያለ፣ ደረት የሚያስነፋ ነገር ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚቸኩል፣ ምንም ቢሉት የማይጽናና ኀዘን ነው፤ እንግዳው አጠገቡ የተቀመጠችው ጀርመናዊት እንዳታየው ዓይኑን በእጀጌው ጠረገ። ያ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ተነሣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሕዝቡ ወጣ። እንግዳውም ካፖርቱን ደርቦ፣ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣ እያፏጨ ማደሪያው ገባ። በማግስቱ የደሴው ጓደኛው «የት ጠፋህ?» አለው። «ለዕረፍት እኮ ነው የወጡት። ዋናው ሦስተኛው ነበር!»

አምስት ዓመት ሙሉ ይህች ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ሁለቱን ሲምፎኒዎች ከትራክተር ሥር ተጋድሞ እያፏጨ የእርሻውን ሰው ሁሉ አስለምዷል፤ የሁለተኛውን መግቢያ ከጎጃም የመጡ የሰሊጥ አጫጆች ሳይቀሩ፣ ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ፣ ነዶ ሲያስሩ ያፏጩታል። ሦስተኛው ግን የለም። ባለፈው ዓመት የበርሊን ጣቢያ አድማጭ የጠየቀውን ያሰማል ሲባል ሰማና በተሰባበረ ጀርመንኛ ጻፈ። መልሱ ከብዙ ወር በኋላ፣ ተከፍቶ፣ ተነቦ፣ መልሶ ታሽጎ ደረሰው። ቀኑንና ሰዓቱን ወስነው ነበር የላኩለት። እንግዳው ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ሦስት ጊዜ መለሰው፤ ሦስቱንም ጊዜ የጥቅምት ሁለተኛው እሑድ ሆነ። የአማቱ ወንድም አቶ ይርዳው ሐሙስ ዕለት ጭልጋ ላይ እስኪሞቱና ዓርብ ንጋት ላይ መርዶው እስኪመጣ ድረስ ሁሉ ነገር አምሮ ነበር። እንግዳው አቶ ይርዳውን በዕድሜው ያገኛቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጫማውን በስንት እንደ ገዛው ጠይቀውታል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሌላ ሳምንት ቢያልፉ ምን ነበረበት ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጦ አማተበ።

አማቱን በቀጥታ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። እንግዳውና ወይዘሮ ሀብትነሽ በአንድ ግቢ አራት ዓመት ሲኖሩ የተነጋገሩት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። «እንደምን አደሩ፣ እመይቴ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» በዚህ ያበቃል። እሳቸው ከእሱ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ወደ ፍየሏ ዞረው «የጣሪያው ቆርቆሮ ተነቃነቀ፤ ወንድ በሌለበት ቤት ምን ይደረጋል!» ይላሉ፤ እሱም መዶሻውን ይዞ ይወጣል። ጠላትነት አይደለም። አማች አማቱን ያፍራል፤ አማትም አማችዋን ታከብራለች፤ ሁለቱ ሲከባበሩ አራት ዓመት ሄደ። በመሃል ታንጉ የሁለቱንም ወሬ ተሸክማ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ወገቧ ተቀነጠሰ። የዚያን ጠዋት ግን እሷም እጇን አነሣች። «እኔ ስለ ሬዲዮ አልናገርም» አለችው፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን እያስጨበጠችው። «ዛሬ ከተማው ሁሉ ለስንብት ይመጣል። ሄደኽ ከእድር ቤት አግዳሚ አምጣ።»

አግዳሚ አመጣ። አራቱን በአንድ የአህያ ጋሪ ጭኖ ሲመለስ መተማ ዮሐንስ በሙቀት ትነፍር ነበር። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ከጉምሩኩ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል፤ ከወሎ የመጡ የቀን ሠራተኞች የላስቲክ ጫማ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ድልድዩ ላይ ፍተሻው ከጠበቀ ወዲህ ከማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። አንዱ የሬዲዮ ድንጋይ ሁለት ብር ገብቷል፤ ሰው ያለቀበትን ድንጋይ ጣራ ላይ ፀሐይ እያሰጣ መልሶ ይሠራበታል። ጋሪውን ከሓጂ ኸሊፋ ሱቅ ጥላ ሥር አቆመና ገባ። ሓጂ ኸሊፋ ጀላቢያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸውን ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክረው፣ በትልቁ ሬዲዮአቸው የኦምዱርማንን ዜና ይሰማሉ። እንግዳው ቆሞ ሁሉን ነገራቸው። ሰውየው ዜናውን ቀንሰው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«ቁልፉን ልስጥኽ» አሉት። «በአሥራ አንድ ሰዓት እኔም ለቅሶ ቤት ነኝ፤ ሱቁ ዝግ ነው። ገብተኽ፣ ዘግተኽ፣ ብቻኽን ስማ። ማፊ ችግር፤ ምንም የለም።»

እንግዳው እጁን ሊዘረጋ ምንም አልቀረው። ከዚያ ለለቅሶው የተጣለው የሣር ዳስ፣ የራኩባው በር፣ በሐሳቡ ታየው። በስንብት ቀን የአማች ቦታ የታወቀ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ይቀበላል፤ የሚሄደውን ይሸኛል። በአሥራ አንድ ሰዓት ያ ቦታ ባዶ ቢሆን ወይዘሮ ሀብትነሽ አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለፍየሏም ቢሆን ስለ እሱ አይናገሩም። ይህን ለሓጂው መንገር አላስፈለገውም፤ እጁ ሲመለስ አይተው ገባቸው።

«ልጃቸውን ስትጠይቅ ማንን ነው የላክኸው?» አሉት።

«እርስዎንና አያ አዛናውን።»

«ሰጡኽ?»

«ሰጡኝ።»

«እና ሬዲዮ ከልጅ ይበልጣል?» ሓጂ ኸሊፋ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። «ሽማግሌ ላክባቸው እንጂ!»

እንግዳው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሰውየው ግን ጫማቸውን ማጥለቅ ጀምረው ነበር። ለሚስት እንጂ ለሬዲዮ ሽማግሌ ሲላክ መተማም ሌላ አገርም አልተሰማ። ደግሞም አያ አዛናው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ባለፈው ሰኔ በጎረቤት ለቅሶ ሙዚቃ የከፈተውን ጠጅ ቤት አምስት ብር ያስቀጡት እሳቸው ናቸው። እሱና ሓጂው ቤታቸው ሄደው ሲያገኟቸው፣ አያ አዛናው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ሰሙና ነገሩን እንደ ክስ መረመሩት። ዘፋኙ ማነው? ዘፋኝ የለውም። ምን ይላል? ምንም አይልም። ምንም ካላለ ለምን ይሰማል? እንግዳው እጁን አነሣ፤ አወረደ፤ በመጨረሻ «እኔም ይኽን ለማወቅ ነው አያ» አለ።  እስክስታ ይወረድበታል? አይወረድም። ይጨበጨብበታል? ሲያልቅ ብቻ። ከዚያ ከእሳቸው በፊት ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ፤ ሰውየው ሲጽፈው ምን ሆኖ ነበር? እንግዳው ይህን ያውቃል። ከአዳራሹ የተሰጠውን ወረቀት እስካሁን ከደብዳቤው ጋር በኪሱ ይዞ ይዞራል። አወጣና እየተርጎመ አነበበላቸው። አዛናው ተነሥተው ጋቢያቸውን ለበሱ።

ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ራኩባው ሞላ። ከእርሻው ሾፌሮች መጡ፤ ከጉምሩኩ ጸሐፊዎች፣ ከቀበሌው ሊቀ መንበሩ፣ ከገበያው ነጋዴዎች፤ ከሽንፋ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው የመጡ ዘመዶችም ነበሩ። ንፍሮ ዞረ፤ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ዞረ። እንግዳው በሩ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲባል «አሜን» እያለ፣ በየመሃሉ የሰውን ሁሉ የእጅ ሰዓት ይሰልላል። የሓጂ ኸሊፋ ሰዓት በሱዳን አቆጣጠር ስለሚሄድ ሲያየው አንድ ጊዜ ክው ብሎ ነበር፤ ከዚያ ትዝ ሲለው ትንፋሹ ተመለሰ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁለቱ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሡና ወይዘሮ ሀብትነሽ ፊት ሄደው ቆሙ። ወሬው ቀዘቀዘ።

«ምነው? ተቀመጡ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ለጉዳይ ነው የመጣን» አሉ አዛናው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ኧረግ! እናንተ ቆማችሁ የምታወሩትን ነገር አውቀዋለሁ። ልጄን እንደሆነ ከአራት ዓመት በፊት ወስዳችኋታል፤ ሌላ የለኝ።»

«የዛሬው ልጅ አይደለም፤ ሬዲዮ ነው። ለግማሽ ሰዓት።»

 አንዲት ሴት ሳቋ አምልጧት ወደ ሳል ቀየረችው። ታንጉ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ሓጂ ኸሊፋ ቀጠል አድርገው፣ አማቹ ጨዋ ልጅ መሆኑን፣ ሦስት ቀን ቆሞ ማገልገሉን፣ ሊሰርቅ ሲችል መለመኑን፣ ልክ የዛሬ አራት ዓመት ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ እንዳሉት አድርገው ዘረዘሩ። ወይዘሮ ሀብትነሽ አቋረጧቸው። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩና፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ታንጉና ያለ ፍየሏ፣ እሱኑ ራሱን አናገሩት።

«ይኽን ያኽል ሽማግሌ ያስላከኽ ነገር ምንድነው? አንተው ንገረኝ።»

እንግዳው ወደ መሃል ገባ። ባርኔጣውን አውልቆ ወረቀቱን ዘረጋ። ሰውየው ሦስቱን በአንድ ክረምት፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደ ጻፋቸው ተናገረ። የመጀመሪያውን በፈጸመ በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞተችበት፤ ስድስት ወሯ ነበር። ከዚያ ወር ሳይሞላው ሁለተኛውን ጨረሰ፤ የመጨረሻውን ደግሞ አርባዋ ባለፈ በሁለት በሦስት ቀን። አርባውን ወረቀቱ አይልም፤ ቀኖቹን አይቶ የቆጠረው እንግዳው ራሱ ነው። ድምፁ እየጠራ ሄደ፤ ሙቀቱንም ሕዝቡንም ረሳ። «ሁለቱን ሰምቻለሁ፣ እመይቴ። ሦስተኛው ግን አምልጦኛል። ዛሬ ነው። አሁን ነው።»

«ልቅሶ ነው?»

«ልቅሶ ነው፣ እመይቴ።»

እንግዲህ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር በከተማ ፊት መሰከረ። በልቡ ግን አልዋሸም። የመጀመሪያው ብሩህ ነበር፤ ሁለተኛው አሳዛኝ፤ ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ካላዘነ ምን ሊሆን ይችላል? ወይዘሮ ሀብትነሽ ወረቀቱን አዩት፤ እሱን አዩት፤ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ቋጠሮውን ፈቱ። ቁልፉን ለታንጉ ወረወሩላትና «ልቅሶ ከሆነ ይሰማ» አሉ። «ዘፈን ከሆነ አያ አዛናው ይዘጉታል። በሳቸው እጅ ነው።»

ታንጉ ሮጠች። በለቅሶ ቤት ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ድረስ ሮጠች፤ ከዚያን ቀን በፊት ስለ ሲምፎኒ ስትሰማ የምታዛጋው ታንጉ። ሬዲዮዋ በርጩማ ላይ መሃል ተቀመጠች፤ አዛናው አጠገቧ ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን መዝጊያው ላይ ጣሉ። እንግዳው ተንበርክኮ ፈለገ። ካርቱም ወጣ፤ አንድ የሚጮህ ቻይና ወጣ፤ ፉጨት፣ ንፋስ፣ የሚጠበስ ነገር ድምፅ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አልፏል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ እንደ ፀጉር ቀጭን በሆነች ቦታ ላይ አንዲት ሴት በጀርመንኛ ስትናገር አገኛት፤ እጁን ሳያነሣ ትንፋሹን ዋጠ። ሴትየዋ ትናገራለች፤ ያውቃቸው የነበሩ ቃላት ይመጣሉ ይሄዳሉ። በመሃል ግን፣ ተጣሞና ተጎትቶ፣ «ኤንጊዳው» አለች፤ ቀጥላም «ሜቴማ»።

«ስሙን ጠራችው!» አለ አንድ ሾፌር ከኋላ። «ያገራችንን ስም!» ሊቀ መንበሩ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እንግዳው መሬት ላይ ተንበርክኮ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘረጋ፤ በለቅሶ ቤት እንደሆነም ዘነጋ።

ጀመረ። መላው የሙዚቃ ጓድ ባንድነት ሦስት ጊዜ መታ፤ ቀጥሎ የክር መሣሪያዎቹ ብቻቸውን፣ እጅ እንደሚነሣ ሰው፣ በቀስታ መለሱ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ መለሱ። ከዚያ መለከቱና ከበሮው ባንድ ላይ ወጡ። እንግዳው ፊቱ አመድ ሆነ። ይህ ልቅሶ አይደለም! ይህ ሰው ከተራራ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ደስታ ነው። አንድ ዐይኑ ወደ አዛናው አውራ ጣት ሄደ፤ ሌላው ልቡ ግን፣ ልብ ሁለት ቢሆን፣ ከዚያ ድምፅ ጋር ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። አምስት ዓመት የጠበቀው ነገር ከጠበቀው ሁሉ በልጦ መጣ፤ የሚዋረድበትም ነገር እሱው ሆነ። ሕዝቡ መተያየት ጀመረ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው መሬቱን ያያሉ። አዛናው ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮዋ አስጠግተው፣ ግንባራቸውን አጨማድደው፣ ከበሮውን በከዘራቸው ጫፍ አፈሩ ላይ ተከተሉት።

«ነጋሪት ነው» ብለው ፈረዱ በመጨረሻ። «ነጋሪትና እምቢልታ ነው። አባቴ ሲነግሩኝ በጥንቱ ዘመን የትልቅ ሰው ልቅሶ በነጋሪት ነበር። ይኽ የባላባት ልቅሶ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ባላባት የሚለውን ቃል ሲሰማ ጉሮሮውን ጠረገ። የአዛናው አውራ ጣት ከመዝጊያው አልተነሣም፤ አልዞረምም። እንግዳው ተነፈሰ። ቀጥሎ ቀስ ያለው ክፍል መጣ፤ መለከቱም ከበሮውም ዝም አሉ፤ ክሮቹ አፋቸው በጨርቅ እንደ ተሸፈነ ያህል በለሆሳስ ተናገሩ። ሴቶቹ ሳያውቁት ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። ሓጂ ኸሊፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መቁጠሪያቸው በጣታቸው መካከል ቆመ። ሬዲዮዋ አንዴ ትርቃለች፣ አንዴ ትቀርባለች፤ ድምፁ ሲርቅ መላው ራኩባ ወደፊት ያዘነብላል፤ ሲመለስ ይመለሳል። ሦስተኛው ክፍል ግን እግር የሚያስነሣ ነገር ነበረውና ከሾፌሮቹ አንዱ ተረከዙን ሲያንቀሳቅስ አዛናው በከዘራቸው መቱት።

ከዚያ የመጨረሻው መጣ። አራት ረጃጅም ድምፅ ብቻ፤ ሕፃን እንኳ ሊያዜማት የሚችላት ዜማ። ለስለስ ብላ አለፈችና ወዲያው ሁሉም ፈነዱ። እንግዳው ከዚህ በኋላ የት እንዳለ አላወቀም። አንዱ ዜማ ሲሮጥ ሌላው ከኋላው ይነሣል፤ ያ ሳይጨርስ ሦስተኛው ይገባበታል፤ ማንም ከማንም አይጋጭም። ዕድሜውን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ ሁሉ ጥርስ በሌላው ጥርስ ውስጥ ገብቶ፣ አንዳች ሳይንኳኳ፣ በሙሉ ጉልበት ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህን የሚያህል ግን አይቶም ሰምቶም አያውቅም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንዴት ያለ ነገር ነው! የስንቱ ሰው ደስታ ነው ይህ! ሊጮህ፣ ሊነሣ፣ ታንጉን አቅፎ ሊያዞራት ፈለገ።

«ይኽስ ሠርግ ነው» አሉ አዛናው። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ማዘን ያለ ነገር ነበር። «ምን ቢሉት ሠርግ ነው። እንግዳው፣ በሰው ፊት ማልኽብን እኮ።» አውራ ጣታቸው ተነቃነቀ።

እንግዳው ሊለምናቸው አፉን ከፈተ።

«አያ አዛናው፣ እጅዎን ያንሡ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። ነጠላው ከፊታቸው ወርዷል። ሬዲዮዋን ነው የሚያዩት፤ ሰው እንደሚያዩ አድርገው።

«እውነትዎን ነው፤ ሠርግ ነው» አሉ። «አባቷ አይደል? የስድስት ወር ልጅ ሠርጓን መቼ ዐየች? እሱ ነው የደገሰላት። አርባዋን አውጥቶ፣ ተቀምጦ ሠርጓን ደገሰላት።» ከዚያ ወደ እንግዳው ጎንበስ አሉ። «ስሟ ማን ነበር? ወረቀቱ ላይ አለ?»

እንግዳው በዚያ ሩጫ መሃል፣ ዓይኑ በእንባና በላብ ተሸፍኖ፣ ወረቀቱን አገላበጠ። «ቴሬዝያ ትባላለች፣ እመይቴ።»

«ቴሬዝያ» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ምንም አስተካክለው። ዜማዎቹ ሁሉ አሁን ባንድ ጊዜ ይሮጣሉ፤ መለከቱ ከላይ ሆኖ ይጣራል። «የኔዋ አይናዲስ ነበረች» አሉ። «እሷም ሰባት ወር አልሞላትም። ጠዋት ሞተች፤ ቀትር ላይ ቀበሯት። ልጅ ናት፣ ሌላ ትወልጃለሽ አሉኝ። ለግማሽ ቀን እንኳ የተቀመጠላት ሰው የለም።»

እንግዳው ተንበርክኮ እንዳለ እጁ በራሱ ወደ ሬዲዮዋ ሄደ፤ ይህ ከተሰማ በኋላ ጮክ ብሎ መደሰት አሳፍሮት ሊቀንሳት ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ እጁን በእጃቸው መቱት። «ተዋት! አሳድጋት!» አሉት። አሳደጋት። ሳጥኗ እስክትንቀጠቀጥ ድረስ አሳደጋት፤ የመጨረሻው ሁሉ ነገር፣ መለከቱም ከበሮውም፣ በራኩባው ሣር ውስጥ አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ደረታቸውን መትተው «አይናዲሴ!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹም ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እንግዳው ሲምፎኒው ሲያልቅ ሰማው። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ራሱም አላወቀውም፤ ሦስተኛውን እስከ መጨረሻው ሰማው።

ሬዲዮዋ በጀርመንኛ መናገር ስትጀምር አዛናው ራሳቸው ዘጓት። በውጭ ልጆች የራኩባውን ገመድ መፍታት ጀምረው ነበር፤ የስንብት ቀን ነውና ማታውን ይፈርሳል። አዛናው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ውጭ ጮኹ።

«ገመዱን ተዉት! ራኩባው አይፈርስም። የሀብትነሽ ልጅ፣ የአይናዲስ ለቅሶ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን እንቀመጣለን።»

ማንም አልተከራከረም። ሓጂ ኸሊፋ «አላህ ያጥናሽ» ብለው አዲስ እንደ መጣ ሰው እንደገና እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ ከኋላቸው ሊቀ መንበሩ፤ ከኋላው ሾፌሮቹ። እንግዳው ወደ በሩ ሊመለስ ሲነሣ ታንጉ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እናቷ አጠገብ ስትቀመጥ አያት። 

«እማዬ» አለች። «ታላቄ ናት? ታናሼ?»

«ታላቅሽ ናት» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። «አንቺን ያዘልኩሽ በሷ አንቀልባ ነው።»